ከታይፕ ቤት እስከ ቴሌግራም፦ የኮምፒውተር ጀማሪዎች መማሪያ ፍለጋ በአዳማና በአካባቢዋ

ኮምፒውተር ወደ አዳማ የገባው በታይፕ ቤት በር ነው። ከተማዋ ናዝሬት ትባል በነበረበት ዘመን፣ እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ ከተሞች ሁሉ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ነጥብ ያልመጣለት ወጣት ቤት ከመዋል ይሻላል ብሎ የጽሕፈት መኪና ይማር ነበር። ለዚህ ትምህርት መጽሐፍ ፍለጋ መንከራተት አያስፈልግም። የቁልፎቹ ሥዕል ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ መልመጃው በስስ ወረቀት ተባዝቶ ይታደላል፣ አስተማሪው ከጀርባ ቆሞ ጣት ያስተካክላል። ኢንጂነር አያና ብሩ መንገዱን የጠረጉለት የአማርኛ መኪና ፊደሉን ከነቅጥያው በየተራ እየመቱ የሚሠሩበት በመሆኑ ትዕግሥት ይጠይቅ ነበር፤ ቢሆንም የበረታ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ሰርተፍኬቱን ይዞ ቢሮ ለቢሮ መዞር ይጀምራል።

ኮምፒውተር ሲመጣ ማሠልጠኛዎቹ መኪናዎቹን ወደ ጓዳ አስገብተው በቦታቸው ኮምፒውተር ደረደሩ። ወንበሩም፣ ክፍያውም፣ በወረቀት የሚታደለው መልመጃም እንዳለ ቀጠለ። አዲስ ቴክኖሎጂ ማለት በአጭር ኮርስ፣ በጥቂት ገጽ ወረቀትና በአንድ ሰው ቃል የሚያዝ ነገር ነው የሚለው ልማድ በዚሁ ሥር ሰደደ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሠላሳ ዓመታት፣ አንድ ጀማሪ የማያውቀውን ነገር ‹ሀ› ብሎ የሚጀምርበትን የመጀመሪያ ገጽ ከየት ያገኝ እንደነበር የሚነገርባቸው ዓመታት ናቸው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እዚህ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የኮምፒውተሩ ዓለም የሚቆጥረው በዚያ ስለሆነ።)

አዳማ የባዕድ መሣሪያ እንግዳ ሆኖ የማያውቅባት ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ የሐረርና የጅቡቲ መንገድ ከአርሲው መንገድ በሚለይበት ላይ ተቀምጣለች። ባቡሩ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው በእሷ በኩል አልፎ ነው። በ1954 ሆላንዶች እዚያው አጠገብ ወንጂ ላይ የስኳር ፋብሪካ ከፈቱ፤ በ1960 ደግሞ የቆቃ ግድብ ተጠናቀቀ። በእነዚህ ሁሉ ሥራዎች ውስጥ የሙያ ትምህርቱ በአብዛኛው ረዳት ሆኖ ማየት ነበር። የመሣሪያው መመሪያ በፈረንሳይኛ ወይም በሌላ ባዕድ ቋንቋ ሲሆን፣ የሚያነበው ፎርማኑ ነው፤ ረዳቱ ከፎርማኑ አፍና እጅ ይቀበላል። ኮምፒውተሩም ሲመጣ መመሪያው እንግሊዝኛ ነበር።

የኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ ኮምፒውተሮች በ1960ዎቹ የገቡት በአዲስ አበባ ትልልቅ ድርጅቶች ውስጥ ነበር፤ ከቢሮው ሠራተኛ በቀር የሚያያቸው አልነበረም። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ኮምፒውተር በ1980ዎቹ መታየት ሲጀምር፣ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ ከእነሱም መካከል ፍሥሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ፣ የግዕዙን ፊደል በማሽኑ ላይ ለመጻፍ የሚያስችሉ ፕሮግራሞችን ሠርተው ነበር። ለክፍለ ሀገር ማሠልጠኛ ኮምፒውተርን የሚያስገዛው ምክንያትም ይኸው የአማርኛ ጽሑፍ ነበር። በሰሌዳው ላይ የሚጻፈው የኮርስ ዝርዝር ዘመኑን ይናገራል፦ መጀመሪያ ዶስ፣ ዎርድፐርፌክት፣ ሎተስና ዲቤዝ፤ ቀጥሎ ዊንዶውስ፣ ዎርድ፣ ኤክሴልና አክሰስ። እነዚህ በአንድ ላይ ‹ቤዚክ ኮምፒውተር› ተባሉ፤ ስሙም እስከ ዛሬ አልተለወጠም። የሒሳብ ሠራተኛ ሊሆን የሚፈልገው ፒችትሪ ይጨምርበታል፤ የሕንፃ ሙያ ያለው አውቶካድ። የአሜሪካኑ ፒችትሪ በአገሩ ስሙ ከተለወጠ ከዓመታት በኋላም የኢትዮጵያ ማሠልጠኛዎች ሰሌዳ ላይ በቀድሞ ስሙ መኖሩ፣ ኮርስ አንዴ ከተዘጋጀ በኋላ ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ያሳያል።

እዚህ ላይ የፊደል ነገር መነሳት አለበት። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መለያ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ በተግባር ግን ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደላት ዝባዝንኬ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ ጽሑፍ የሚያቀብል ሰው ፎንቱንም አብሮ በዲስኬት ያቀብላል። ኮምፒውተር ለሚማር ሰው ‹ፋይል› እና ‹ፕሮግራም› የተለያዩ መሆናቸውን በግድ ያስተማረው ይህ ችግር ሳይሆን አይቀርም። በአፋን ኦሮሞ የሚጽፈው የአዳማ፣ የባቱ ወይም የሻሸመኔ ተማሪ ግን ይህ ጣጣ አልነበረበትም። ከ1991 ጀምሮ የትምህርትና የቢሮ ጽሑፍ የሆነው ቁቤ የላቲን ፊደል ስለሆነ፣ ቁልፉ ላይ ያለው ምልክት ስክሪኑ ላይ እንዳለ ይወጣል። የፕሮግራም ቋንቋዎችም የሚጻፉት በዚያው ፊደል ነው። አማርኛ ጸሐፊው ሁለት የቁልፍ ገበታ በጣቱ ሲይዝ፣ ቁቤ ጸሐፊው በአንዱ ይገላገላል። ይህ ልዩነት በትምህርት ውጤት ላይ ምን እንደጨመረ የለካው የለም እንጂ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ክፍል ውስጥ የሚታይ ነገር ነው።

በ1993 በከተማዋ የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተከፈተ። ኋላ የናዝሬት የቴክኒክ መምህራን ኮሌጅ ተባለ፤ ስሙ እንደሚለው ሥራው በየክፍለ አገሩ ላሉ የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶች አስተማሪ ማውጣት ነበር። በ2006 አዳማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በ2011 በሚኒስትሮች ምክር ቤት ውሳኔ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ዛሬ ያለውን ስም ያዘ። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ከኋለኞቹ ስሞች ይልቅ ‹የመምህራን ኮሌጅ› የሚለው ይበልጣል። መምህር ለመሆን የሚማር ሰው ደብተሩን የሚይዘው ለራሱ ፈተና ብቻ አይደለም፤ ነገ ሰሌዳ ፊት ሲቆም የሚያነበው እሱኑ ነው። እዚህ የተጻፈ ማስታወሻ ከተመራቂው ሻንጣ ጋር ወደ ሩቅ ወረዳ ይሄዳል፣ እዚያ ይባዛል፣ የተማሪዎቹ ‹ሃንድአውት› ይሆናል። ሃንድአውት የሚለውን ቃል በኢትዮጵያ ኮሌጅ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። መጽሐፍ አይደለም፤ አስተማሪው ከመጽሐፍ ቀንጭቦ ያዘጋጀው ከ30 እስከ 80 ገጽ የሚሆን ጥራዝ ነው። ጠርዙ ላይ የፎቶ ኮፒው ጥላ አለ፣ አንዳንዴ የአዘጋጁ ስም የለውም። ከግቢው በር ፊት ለፊት ባለው ፎቶ ኮፒ ቤት ‹የእገሌ ኮርስ› ብሎ መጠየቅ ይበቃል፤ ባለቤቱ ዋናውን ከመደርደሪያው ያወርዳል።

ሃንድአውት ሚዛናዊ ፍርድ የሚገባው ነገር ነው። ለብዙ ሺህ ሰው የተከፈተ ብቸኛ በር ነበር፤ ዋጋውም በገጽ የሚቆጠር ሳንቲም ነበር። የዳይተሎች የሲ++ መጽሐፍ ከአንድ ሺህ ገጽ በላይ ነው፤ በቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚገኙት ጥቂት ቅጂዎች ደግሞ በብዙ ተማሪ ይጠበቃሉ። በሌላ በኩል ግን ሃንድአውት ያረጃል፣ ማርጀቱንም አይናገርም። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ለጀማሪ ከሚሰጡት ቋንቋዎች ሁሉ ለረጅም ጊዜ ቀዳሚ ሆኖ የቆየው ሲ++ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቦርላንድ ኩባንያ ያወጣው ቱርቦ ሲ++ ሰማያዊ ስክሪን ያለው፣ በትንሽ ማሽን ላይ የሚሠራ፣ በጥቂት ዲስኬት የሚያዝ መሣሪያ ስለነበር ቤተ ሙከራዎቹን ሁሉ ሞላ። የሃንድአውቱም የመጀመሪያ ምሳሌ በእሱ ልክ ተሰፋ። የፕሮግራሙ የመጀመሪያ መስመር ላይ ‹አይኦስትሪም› ከሚለው ቃል ቀጥሎ ነጥብና ‹ኤች› ትመጣለች፤ ቀጥሎ ‹ቮይድ ሜይን›፤ በመካከል ‹ሲአውት› ሰላምታ ያትማል፤ መጨረሻ ላይ ስክሪኑ ብልጭ ብሎ እንዳይጠፋ ‹ጌትች› ይቆማል።

ሲ++ በ1998 ዓለም አቀፍ መለኪያ ሲወጣለት ያቺ ነጥብና ‹ኤች› ቀረች። ‹ሜይን›ም ‹ቮይድ› መሆኑ ቀርቶ ቁጥር የሚመልስ መሆን ነበረበት። ‹ሲአውት› ደግሞ ‹ስታንዳርድ› በሚባል ክልል ውስጥ ስለገባ፣ ፕሮግራሙ ያንን ክልል እንዲያውቅ ማድረግ ግድ ሆነ። ሃንድአውቱ ግን ስለዚህ የሰማው ነገር የለም። ተማሪው በ2000ዎቹ ማብቂያ ላይ አዲስ መሣሪያ፣ ዴቭ ሲ++ን ወይም ኮድብሎክስን፣ ጭኖ የሃንድአውቱን የመጀመሪያ ምሳሌ ፊደል በፊደል ሲገለብጥ፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ቀይ የስሕተት መልእክት ይወርድበታል። ጥፋቱ ከእጁ ይመስለዋል። ደግሞ ይጽፋል፤ ነጠላ ሰረዙን ይቆጥራል፤ ቅንፉን ይፈትሻል። በመጨረሻ ከአዲሱ መሣሪያ ሸሽቶ ወደ ቱርቦ ይመለሳል። አዲሶቹ ባለ 64 ቢት ዊንዶውሶች ያንን አሮጌ ፕሮግራም አልቀበል ሲሉም፣ ዶስቦክስ በሚባል አስመሳይ ውስጥ የታሸገ ቱርቦ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ መዞር ጀመረ። ትምህርቱ ከመሣሪያው ጋር እንዳያረጅ በማድረግ ፈንታ አሮጌው መሣሪያ ለትምህርቱ ሲባል በሕይወት ተያዘ ማለት ነው። ሠላሳ ገጹን ዳግመኛ ከመጻፍ ዶስቦክስን መፈለግ ለምን እንደቀለለ መገመት አያቅትም፤ አስተማሪው በሴሚስተር አራትና አምስት ክፍል ያስተምራል።

ከኮሌጁ ውጭ ያለውን ፍላጎት ያናረው ፖለቲካ ነበር። በ2000 ከተማዋ ወደ ቀድሞ ስሟ አዳማ ስትመለስ የኦሮሚያ ክልል ርእሰ ከተማም ሆነች፤ እስከ 2005 የክልሉ ቢሮዎች እዚያው ተቀመጡ። ቢሮ ካለ ጸሐፊ፣ መዝገብ፣ በጀትና ሪፖርት አለ፤ እነዚህ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር የሚገቡበትም ዘመን ነበር። ዛሬ በአገሪቱ ከተሞች የተሠራጨው ሪፍት ቫሊ ዩኒቨርሲቲ በዚያው በ2000 ሥራ የጀመረው በአዳማ ነው። የግል ኮሌጆች የኮምፒውተር ሳይንስን በማታና በቅዳሜና እሑድ ክፍለ ጊዜ ሲከፍቱ፣ ከሞጆ፣ ከመቂ፣ ከወንጂና ከወለንጪቲ በሚኒባስ የሚመላለስ ተማሪ መጣ። ሌላም ልማድ አለ፦ የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች ሥልጠና ሲያዘጋጁ አዳማ ወይም ቢሾፍቱ ይወርዳሉ። ሆቴል አለ፣ አየሩ ሞቅ ይላል፣ አበል ይከፈላል። በዚህ ምክንያት አዳዲስ የመንግሥት ፕሮግራሞችን፣ ለምሳሌ የወረዳ የበጀት ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን አይቤክስን፣ ገና ከመነሻው የሚማሩ ሰዎች በየጊዜው ወደ ሆቴል አዳራሽ ይሰበሰቡ ነበር። በአበሉ መቀለድ ይቻላል፤ ከሥልጠናው የተረፈው ስላይድና መመሪያ ግን ወረዳ ላይ ለዓመታት ብቸኛ ማጣቀሻ ይሆናል።

ኢንተርኔት በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1997 ነው። ወደ ስምጥ ሸለቆ ከተሞች በካፌ መልክ ሲደርስ፣ ክፍያው በደቂቃ ነው፤ ገጹ እስኪከፈትም ደቂቃው ይቆጥራል። አሜሪካ ውስጥ ኤም.አይ.ቲ በ2001 የኮርሶቹን ማስታወሻ ለዓለም በነጻ እንደሚለቅ ሲያስታውቅ፣ ለአዳማው ተማሪ ‹ነጻ› የሚለው ቃል ከካፌው በር ወዲያ ያለ ነገር ነበር። ከዚህ የተነሳ ካፌ ገብቶ ማንበብ አልተለመደም፤ ካፌ ገብቶ መገልበጥ እንጂ። ተማሪው የሚፈልገውን በወረቀት ጽፎ ይመጣል፣ የሚያገኘውን ገጽ ሁሉ ወደ ዲስኬት፣ በኋላም ወደ ፍላሽ ያስቀምጣል፣ ማንበቡን ዶርም ውስጥ ያደርሰዋል። አንዱ ያመጣውን ሃያው ይገለብጣል። ሙሉ የድረ ገጽ ትምህርት፣ ከነሥዕሉና ከነመልመጃው ወርዶ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት አቃፊ ሆኖ በሲዲ ይሸጥ ነበር። ፊልም የሚገለብጡ ሱቆች የሥልጠና ቪዲዮም ይገለብጡ ስለነበር፣ በአንድ መደርደሪያ ላይ የሕንድ ፊልምና የጃቫ ትምህርት ጎን ለጎን ይገኛል።

ፍላሽ ከትምህርቱ ጋር ቫይረስም ይዞ ይመጣል። በተለይ ‹ሾርትከት› የተባለው ታዋቂ ነበር፦ ፍላሹ ሲከፈት አቃፊዎቹ ሁሉ ጠፍተው በቦታቸው ባዶ ምልክት ብቻ ይታያል። ፋይሎቹ ግን አልጠፉም፤ ተደብቀዋል። መድኃኒቱ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ ‹አትሪብ› የሚለውን ትእዛዝ መጻፍ፣ ከኋላው የመደበቂያውን፣ የተነባቢ-ብቻውንና የሲስተሙን ምልክት በቅናሽ ማስከተል፣ በመጨረሻ የፍላሹን ፊደል መጥራት ነው። አንድ ጊዜ ኢንተር ሲመታ ሃንድአውቱ ይመለሳል። ከመማሪያ መጽሐፍ ሳይሆን ከዶርም ጓደኛ አፍ የሚያዝ ትእዛዝ ነው፤ ለብዙ የኢትዮጵያ ተማሪ በእጁ የጻፈውና ውጤቱን በዓይኑ ያየው የመጀመሪያ ትእዛዝ ሲ++ ሳይሆን ይህ ነበር። የአስተማሪው ምሳሌ ሰላምታ ብቻ ሲያትም፣ ይህኛው የጠፋ ንብረት ያስመልሳል።

በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የነበረውን ያህል ባይነገርለትም፣ የቴክኒክና ሙያው መንገድም ሰፊ ነበር። በጀርመን ድጋፍ በተካሄደው የኢንጂነሪንግ አቅም ግንባታ ፕሮግራም ዘመን ሙያዎቹ በደረጃ ተከፈሉ፤ ‹ዳታቤዝ አድሚኒስትሬሽን›፣ ‹ሃርድዌርና ኔትወርክ ሰርቪሲንግ›፣ ‹ዌብና መልቲሚዲያ› የሚባሉ ዘርፎች ‹ሌቭል ዋን› ብለው እየጀመሩ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ በየደረጃው ማብቂያም ‹ሲኦሲ› የሚባለው የብቃት ምዘና አለ። የሚጠናበት ጥራዝ ‹ቲቲኤልኤም› ይባላል፤ የሃንድአውት የመንግሥት ወንድም ነው። ጥቅሙ ለሁሉም አንድ መሆኑ፣ ጉዳቱም ይኸው ነው፦ ምዘናው ጥራዙን ስለሚከተል፣ ጥራዙ ውስጥ የሌለ ነገር እንዳልተፈጠረ ይቆጠራል። በተግባር ግን የሲኦሲው ጥያቄ ተጨባጭ ስለነበር፣ ሠንጠረዥ ፍጠር፣ ኬብል ጫፍ ምታ፣ ሁለት ማሽን አገናኝ ስለሚል፣ እጁን ያፍታታ ሰልጣኝ ወጥቶበታል። ዩኒቨርሲቲው ራሱ በዚያ የጀርመን ዘመን በጀርመናዊ ፕሬዚዳንት፣ በፕሮፌሰር ኸርበርት አይኸለ፣ ይመራ ነበር፤ ከ2011 በኋላ ደግሞ ከሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ኮሪያዊው ዶክተር ጃንግ ግዩ ሊ ያዙት። ከሁለት አገር የመጡ ሁለት የትምህርት ልማዶች በአንድ ግቢ ተከታትለው አለፉ።

በ2012 ከአዳማ ወደ አዋሽ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በወለንጪቲ ስም የተመዘገበ አንድ ሙከራ በዓለም ጋዜጦች ተወራ። ‹አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ› የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በሁለት የኢትዮጵያ መንደሮች፣ በወንጪና በስምጥ ሸለቆዋ ወለንጪቲ፣ የሞቶሮላ ታብሌቶችን በየሳጥናቸው እንደታሸጉ ለልጆች ሰጠ። በእያንዳንዱ መንደር ወደ 20 የሚሆኑ፣ አንደኛ ክፍል የመግቢያ ዕድሜ ያላቸው፣ ፊደል ያልቆጠሩ ልጆች ነበሩ። አስተማሪ አልተመደበም። ለአዋቂዎቹ የፀሐይ ቻርጀሩን አጠቃቀም ብቻ አሳዩአቸው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ቴክኒሻን እየመጣ የማስታወሻ ካርዱን ይቀይራል፤ ካርዱ ላይ ልጆቹ የነኩት ሁሉ ተመዝግቧል። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር እንደተናገሩት፣ አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ሳጥኑን ከፍቶ ማብሪያውን አግኝቷል፤ በአምስት ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን በአማካይ 47 ፕሮግራሞችን ይከፍት ነበር፤ በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል ዘፈን ይዘፍኑ ጀመር። በአምስተኛው ወር ገደማ ደግሞ አዘጋጆቹ የቆለፉትን የስክሪን አቀማመጥ ልጆቹ ከፈቱት፤ በስሕተት ተዘግቶ የነበረውን ካሜራም አበሩት።

ይህ ወሬ ሲነገር ሁለት ነገር ይዘለላል። አንደኛ፣ ተናጋሪዎቹ የሙከራው ባለቤቶች ራሳቸው ነበሩ፤ ልጆቹም በሁለት መንደር 40 ያህል ናቸው። ሁለተኛ፣ በታብሌቱ ውስጥ ያለው ሁሉ እንግሊዝኛ ነበር፤ አፋን ኦሮሞ የሚናገር ልጅ በገዛ ቋንቋው ማንበብ ከመጀመሩ በፊት ‹ኤ ቢ ሲ› ዘፈነ። ካሜራ ማብራት ፕሮግራም መጻፍ አይደለም። ይሁን እንጂ ከታይፕ ቤቱም፣ ከሃንድአውቱም፣ ከቲቲኤልኤሙም የተለየ አንድ ነገር እዚያ ታይቷል፦ የመጀመሪያው ገጽ መሣሪያው ራሱ ሆኖ ነበር። ልጆቹ ማሽኑን እናበላሽ ይሆናል ብለው አልፈሩም፤ ከጎናቸው የሚቆጣ አዋቂ አልነበረም። ኮምፒውተሮቹ በጨርቅ ተሸፍነው፣ ጫማ ሳያወልቁ በማይገቡበት ክፍል ውስጥ የተማረ የዘመኑ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይህን ዕድል አላገኘም። ክፍሉ የሚቆለፈው አቧራና ሌባ ተፈርቶ ነው፤ መፍትሔው ግን መሣሪያውን ከተማሪው እጅ አራቀው።

ስልክ ይህን ሁሉ ለወጠው። በ2010ዎቹ አጋማሽ የሞባይል ኢንተርኔት በአዳማና በዙሪያዋ ከተሞች የተማሪ ኪስ ውስጥ ገባ። ለኢትዮጵያ ተማሪ ደግሞ ኢንተርኔት ማለት በአመዛኙ ቴሌግራም ሆነ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ትልቅ ፋይል ይቀበላል፣ በደካማ መስመር ይሠራል፣ የወረደው እዚያው ይቀመጣል። የፎቶ ኮፒ ቤቱ መደርደሪያ ወደ ቻናል ተለወጠ፤ መጽሐፉ ሙሉውን በፒዲኤፍ ይመጣል፣ የውጭ አገር የቪዲዮ ኮርስ ተቆራርጦ ይጫናል፣ ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች ይደረደራሉ። የባለቤትነት ጥያቄ በዚህ ውስጥ እምብዛም አይነሳም። ተራው የኢትዮጵያ ባንክ ካርድ በውጭ ምንዛሪ የማይከፍል ስለነበር፣ አሥር ዶላር የሚሸጥ ኮርስ ገንዘቡ ላለው የባቱ ልጅ እንኳ በሕጋዊ መንገድ የሚገዛ አልነበረም። በነጻ የሚሰጡት፣ እንደ ፍሪኮድካምፕ ያሉትና የዩቲዩብ ትምህርቶች፣ ይበልጥ የተወደዱት ለዚህም ጭምር ነው።

መስመሩ ግን የሚቋረጥ መስመር ነው። ከጥቅምት 2016 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ጋር የሞባይል ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘጋ። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በ2020 ክረምት አገሪቱ በሙሉ ለሦስት ሳምንት ያህል ያለ ኢንተርኔት ቆየች። በ2023 ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ፌስቡክ ታግደው ነበር። በዚህ ጊዜ ‹ቪፒኤን› የሚለው ቃል የቤት ቃል ሆነ። ፍላሹም ሙሉ በሙሉ ሥራ ያልፈታው በዚህ የተነሳ ነው፤ ጠንቃቃ ተማሪ ያወረደውን ሁሉ በሌላ ቦታ ያስቀምጣል።

ከመስመሩና ከፍላሹ ሌላ፣ ሰው ከሰው የሚማርበት መንገድም ነበር። የአዳማው ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ክበብ፣ በምሕጻሩ ሲሴክ የሚባለው የኮምፒውተር ሳይንስና ኢንጂነሪንግ ክበብ፣ የላይኛው ክፍል ተማሪ የታችኛውን የሚያስተምርበትን ልማድ አደረጀ። በ2019 በአዲስ አበባ የተጀመረው ኤቱኤስቪ የተባለው የሥልጠና ፕሮግራምም የአዳማ ተማሪዎችን ተቀብሏል፤ ዘዴው በየቀኑ የስሌት ጥያቄ መፍታት ስለሆነ፣ ተማሪው ሃንድአውት ከመሸምደድ ይልቅ በአንድ ጥያቄ ላይ ሰዓታት መቀመጥን ይለምዳል። ከሁለቱም የሚገኘው ትልቁ ነገር ሰው ነው፤ ስሕተቱን አይቶ ‹ነጥብና ኤቿን አጥፋት› የሚል ሰው።

የማስተማሪያው ቋንቋ ቀስ በቀስ ወደ ቤት እየተጠጋ ነው። በአማርኛ፣ በጥቂቱም በአፋን ኦሮሞ፣ ፕሮግራሚንግ የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች በርክተዋል። አነጋገራቸው የራሱ ጠባይ አለው፦ ‹ቫሪያብሉን ዲክሌር እናደርገዋለን፣ ከዚያ ሉፑ ውስጥ እናስገባዋለን› ይላል አስተማሪው። ስሙ እንግሊዝኛ፣ ግሱ አማርኛ ነው። የቋንቋ ጠበቆች ይህን አይወዱትም። ነገር ግን ቃላቱ በኮዱ ውስጥ የሚታዩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ‹ሉፕ›ን ተርጉሞ ማስተማር ተማሪውን ስክሪኑ ላይ ከሚያየው ነገር ይነጥለዋል። የሚተረጎመው ማብራሪያው ነው፤ ለምን እንደሚዞር፣ መቼ እንደሚቆም።

በሐምሌ 2024 መንግሥት ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር ‹የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች› ኢኒሼቲቭን አስጀመረ፤ እቅዱ የተያዘው እስከ 2026 ነበር። ትምህርቱ በኢንተርኔት የሚሰጥ፣ ክፍያ የሌለውና ሰርተፍኬት ያለው ሲሆን፣ የፕሮግራሚንግ መሠረታውያን፣ የአንድሮይድ ልማት፣ ዳታ ሳይንስና ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሸፍናል። ‹ኮዲንግ› የሚለው ቃል ከዚያ በኋላ በማሠልጠኛዎቹ ሰሌዳ ላይ ከ‹ቤዚክ ኮምፒውተር› በታች እየተጨመረ ነው። ላፕቶፕ የሌለው የመቂ ወይም የወለንጪቲ ጀማሪ ትምህርቱን የሚከፍተው በስልኩ ነው፣ ኮዱንም የሚጽፈው እዚያው ላይ። የስልኩ ኪቦርድ ጠማማውን ቅንፍ ከሁለተኛው የምልክት ገጽ ውስጥ ደብቆታል፤ አንድ ሙሉ መስመር ለመጻፍ ሦስት አራት ጊዜ ገጽ መቀያየር ያስፈልጋል። ቀድመው የተማሩት ልጆች ለዚህም ዘዴ አላቸው፦ ቅንፎቹን ጥንድ ጥንድ አድርገው በቴሌግራም ‹ሴቭድ ሜሴጅ› ውስጥ ያስቀምጧቸውና፣ ባስፈለጋቸው ቁጥር ከዚያ እየቀዱ ይለጥፋሉ።